በግቢያችሁ ያሉ ሕያዋንን መመደብና የምግብ ድራቸውን መሣል፦ ደረጃ በደረጃ

ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል። «ልጄ በአካባቢህ ያሉ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች መድብ፣ የምግብ ድርም ሣል ተብሎ ታዟል። ከየት እንጀምር?» የምግብ ድር ማለት ማን ማንን እንደሚበላ በቀስት የሚያሳይ ሥዕል ነው። አብዛኛው ሰው አንበሳ፣ የሜዳ አህያና ሣር ያለበትን ሥዕል ከኢንተርኔት አውርዶ ይለጥፋል። ግቢያችሁ ውስጥ ግን አንበሳ የለም። ጉንዳን አለ፤ ሸረሪት፣ ሰርዶ፣ የመሬት ትልና የበሰበሰ ቅጠል አለ። ለሥራው እነዚህ ከበቂ በላይ ናቸው።

አሠራሩ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ላለ ተማሪ ይሆናል። ከዚያ በታች ያለ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ይሥራው። ትንንሾቹን እንስሳት የምንይዝበት ወጥመድ አንድ ሌሊት ማደር ስላለበት በአንድ ቀን አያልቅም። ቅዳሜና እሑድን መድቡለት።

ከመጀመራችሁ በፊት

በዚህ ሥራ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። የመጀመሪያው «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው ከአካሉ አሠራር ነው፤ እግሩ ስንት ነው፣ አጥንት አለው ወይ፣ ቅጠሉ ምን ዓይነት ነው። ሁለተኛው «እዚህ ምን ይሠራል?» ነው። መልሱ ምን እንደሚበላና ማን እንደሚበላው በማየት ይገኛል።

የሌሊት ወፍን ውሰዱ። ጠጉር አላት፣ ልጇን ታጠባለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ጥያቄ ከላምና ከሰው ጋር አጥቢዎች ውስጥ ትገባለች። በሁለተኛው ጥያቄ ግን በአየር ላይ ነፍሳት እያሳደዱ ከሚበሉ ወፎች ጎን ትሰለፋለች። ሁለቱም መልስ ትክክል ነው። ደብተራችሁ ላይ ለሁለቱ ሁለት የተለያዩ ዓምዶች አስምሩ። አንዱን ዓምድ ብቻ ካሰመራችሁ መሃል ላይ መደናገራችሁ አይቀርም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 8 ችካል ወይም ረጅም ምስማር፣ 13 ሜትር ያህል ሲባጎ፣ ሜትር
- ነጭ ሳፋ ወይም ነጭ ጨርቅ (በነጭ ላይ ትንሿ ነገር እንኳ ትታያለች)
- 2 የፕላስቲክ ኩባያ
- 1 ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የሽንኩርት መረብ ከረጢት ቁራጭ
- ማንኪያና ቀጭን የሥዕል ብሩሽ
- ወፍራም የእጅ ጓንት፣ ጫፉ የተሸፈነ ጫማ
- ማጉያ መነጽር፤ ከሌለ የስልክ ካሜራ ይበቃል
- ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ጠል በነካው ወረቀት ላይ አይጽፍም።

ማስጠንቀቂያ

ድንጋይ ስትገለብጡ የማዶውን ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ አንሡት። ከሥሩ ጊንጥ ወይም እባብ ቢኖር ድንጋዩ በእናንተና በእሱ መካከል ይሆናል፤ ማምለጫውም በወዲያኛው በኩል ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

አባጨጓሬን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጠጉሩ ቆዳ ላይ ይሰካና ያሳክካል። ሳማም እንደዚያው ነው። እንጉዳይ አትቅመሱ። «በቅሎ ያደገበትን አውቀዋለሁ» የሚል አዋቂ ቢኖርም አትቅመሱ። የውሻ ወይም የሰው ዓይነ ምድር ያለበትን ቦታ እለፉት። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የንብ ወይም የተርብ ጎጆ ካያችሁ ቦታ ቀይሩ። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ደን ወይም የሰው ማሳ ከሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

አሠራር

1. ቦታ ምረጡ

ሁለት ቦታ ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ የዛፍ ጥላ ሥር፣ ሌላው ፀሐይ የሚያገኘው። እያንዳንዱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ይሁን። ለምን ሁለት? አንድ ቦታ ብቻ ካያችሁ ዝርዝር ነው የሚኖራችሁ። ሁለት ካያችሁ ግን ጥያቄ ይፈጠራል። የመሬት ትሉ እዚህ በዝቶ እዚያ ለምን ጠፋ?

«ጥሩ ነገር ያለበትን» ቦታ አትምረጡ። አበባ ያለበትን ብቻ ካያችሁ ውጤታችሁ ስለ አበባው እንጂ ስለ ግቢው አይናገርም። ከኋላችሁ ሰው አለመኖሩን አረጋግጡና ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ጠጠር ወርውሩ። ያረፈበት ቦታ የካሬያችሁ አንድ ማዕዘን ይሁን።

አራቱን ችካል ከተከላችሁ በኋላ ሁለቱን ሰያፍ ርዝመቶች ለኩ። ሁለቱም 1 ሜትር ከ41 ሳንቲም ከሆኑ ካሬው ትክክል ነው። ካልሆነ ተጣሟል፤ ስፋቱም ከ1 ካሬ ሜትር ያንሳል ማለት ነው። ሁለት የተለያየ ስፋት ያላቸው ቦታዎች ደግሞ በቁጥር አይወዳደሩም።

ጊዜውም ለውጥ ያመጣል። በደጋው አካባቢ መስከረምና ጥቅምት ምርጥ ናቸው፤ ሣሩ ለምልሟል፣ አፈሩ ገና ርጥብ ነው። በደረቁ ወራት ከሠራችሁ ብዙዎቹ አፈር ውስጥ ጠልቀው ስለሚቆዩ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። የሠራችሁበትን ወርና ሰዓት መዝግቡ።

2. ሳትነኩ 10 ደቂቃ ተመልከቱ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ቁጭ በሉና ዝም ብላችሁ እዩ። እጃችሁን ባስገባችሁበት ቅጽበት የሚበረው ይበራል፣ የሚዘለው ይዘላል። ማን ምን እንደሚሠራ የምታዩትም በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ጉንዳኑ የተሸከመው የሣር ዘር ነው ወይስ የሞተ ዝንብ? ንቧ የትኛው አበባ ላይ አረፈች? ሸረሪቷ ድር ዘርግታ ትጠብቃለች ወይስ እየሮጠች ታድናለች? ሁሉንም ጻፉ። ኋላ የምግብ ድሩን ስትሠሩ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ የሚጠቅማችሁ ይህ ገጽ ነው።

ከቻላችሁ በቀን ሦስት ጊዜ እዩ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ቀትር 6 ሰዓት ላይ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ። ሠራተኞቹ ፈረቃ አላቸው።

3. ሕይወት የሌለውን መዝግቡ

ብርሃን፣ ርጥበት፣ አፈር፣ ድንጋይ። መሣሪያ አያስፈልግም። እፍኝ አፈር ጨብጡና እጃችሁን ክፈቱ። ከተበተነ ደረቅ ነው። ቅርጹን ከያዘ ርጥበት አለው። ውኃ ካንጠባጠበ ጠግቧል። የመሬት ትል የሚተነፍሰው በርጥብ ቆዳው ስለሆነ ይህች ፈተና ብቻዋን የጥላውንና የፀሐዩን ልዩነት ግማሽ ታስረዳለች።

4. ተክሎቹን መድቡ

ሰርዶን አንድ ሁለት ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ሥሩ ከሥር ስለሚያያዝ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ አይታወቅም። በምትኩ የሸፈነውን መሬት ገምቱ። ካሬውን በሲባጎ አራት ቦታ ክፈሉት፤ እያንዳንዱ 25 በመቶ ነው። ከዚያ ግምቱ ይቀላል።

ቀጥሎ ቅጠሉን ለፀሐይ ያዙና በላዩ ያሉትን መስመሮች (የቅጠሉን ሥሮች) እዩ። ትይዩ ሆነው ከታች ወደ ላይ ከተዘረጉ ባለ አንድ ክክ ነው፤ ሰርዶ፣ ጤፍ፣ በቆሎ። እንደ መረብ ከተጠላለፉ ባለ ሁለት ክክ ነው፤ ማገጥ፣ ባቄላ፣ ግራዋ። በርጥብ ግንብ ላይ ምንጣፍ መስሎ የሚበቅለው አጭር አረንጓዴ ነገርም ተክል ነው፤ አበባም ዘርም ስለሌለው ለብቻው ጻፉት። እንጉዳይን ግን እዚህ አታስገቡ። ከፀሐይ ምግብ አይሠራም፤ የበሰበሰ ነገር ውስጥ ክሩን ዘርግቶ ይመጥጣል። ፈንገሶች የራሳቸው ስፍን (ትልቅ የምደባ ክፍል) አላቸው።

5. ትንንሾቹን ያዙ

ሁለት መንገድ አለ። ሁለቱም ሳይገድሉ ይይዛሉ።

የጉድጓድ ወጥመድ። ኩባያው የሚገባበት ጉድጓድ ቆፍሩ፤ በእያንዳንዱ ካሬ አንድ። የኩባያው አፍ ከመሬቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ጥቂት እንኳ ብቅ ካለ ጉንዳን ጠርዙ ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ ጢንዚዛም ዞሮ ይሄዳል። ዙሪያውን በአፈር ሙሉና በጣት አስተካክሉ። ታቹን በምስማር ብሱት፤ ዝናብ ቢመጣ ውኃው ይውጣ። ውስጡ ጥቂት ደረቅ ቅጠል ጨምሩ። ቅጠል ከሌለ መደበቂያ ስለማይኖር ሸረሪቷ ሌሊቱን ሁሉንም ትጨርሳቸዋለች፤ ጠዋት የምታገኙት አንዲት የጠገበች ሸረሪት ብቻ ይሆናል። ከላይ በሦስት ጠጠር ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። ማታ ቀብራችሁ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ አንሡት።

የጠርሙስ ማጥለያ። የሃይላንዱን የላይኛውን ሲሶ ቁረጡና ክዳኑን አውጥታችሁ አፉን ወደ ታች ገልብጣችሁ በቀሪው ላይ ግጠሙት። አንገቱ ላይ የመረቡን ቁራጭ አድርጉ። ከታች ርጥብ ሶፍት አስቀምጡ፤ ከላይ ከዛፍ ሥር ያነሣችሁትን ርጥብ የቅጠል ብስባሽ ሙሉ። ላዩን ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ይደርቃል። ውስጡ ያሉት ብርሃንና ድርቀት ስለማይወዱ እየወረዱ ሶፍቱ ላይ ይወድቃሉ። ኤልኢዲ አምፖል አይሞቅም፤ ስለዚህ አይሠራም። የድሮው የሚያቃጥል አምፖል ካላችሁ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከሌላችሁ ለስላሳ የጠዋት ፀሐይ ይበቃል። የታችኛውን ክፍል በጨርቅ ጋርዱት፤ ብርሃኑ ከላይ ብቻ ይምጣ።

የያዛችሁትን በብሩሽ ወደ ነጩ ሳፋ አውርዱ። ፎቶ አንሡ፣ ቁጠሩ፣ ከዚያ ልቀቁ።

6. በመለያ ቁልፍ መድቡ

የመለያ ቁልፍ ማለት በየደረጃው ሁለት ምርጫ ብቻ የሚሰጥ የጥያቄ ሰንሰለት ነው። ምርጫው ሁለት ብቻ የሚሆንበት ምክንያት አለ። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ሐሰት መሆን አለበት፤ «ትንሽ ትንሽ ሁለቱንም ነው» የሚባል ነገር ከተፈጠረ ጥያቄው ደካማ ነው። የሚከተለው የጀርባ አጥንት ለሌላቸው እንስሳት ነው፤ ለአንድ ግቢ ይበቃል።

1) እግር የለውም፦ ወደ 2 ሂዱ። እግር አለው፦ ወደ 3።
2) ሰውነቱ ቀለበት በቀለበት ነው፦ የመሬት ትል ወይም የነፍሳት ዕጭ። ቀለበት የለውም፣ ልጋጋም ነው፦ ቀንድ አውጣ ወይም ቅርፊት የሌለው ዘመዱ።
3) እግሩ 6 ነው፦ ነፍሳት፤ ወደ 7። ከ6 ይበልጣል፦ ወደ 4።
4) እግሩ 8 ነው፦ ሸረሪት፣ ጊንጥ፣ መዥገርና ዘመዶቻቸው። ከ8 ይበልጣል፦ ወደ 5።
5) እግሩ 14 ነው፣ ግራጫ ነው፣ ከበሰበሰ እንጨት ሥር ይገኛል፦ የሸርጣን የየብስ ዘመድ። ከ14 ይበልጣል፦ ወደ 6።
6) በየአንጓው አንድ ጥንድ እግር አለው፦ መቶ እግር። በአብዛኛው አንጓ ሁለት ጥንድ አለው፦ ሺህ እግር።
7) ጠንካራ ሽፋን የሆኑ ክንፎቹ ጀርባው መሃል ላይ ቀጥ ባለ መስመር ይገጥማሉ፦ ጢንዚዛ። አይገጥሙም ወይም የሉም፦ ወደ 8።
8) የኋላ እግሩ ለመዝለል ረጅምና ወፍራም ነው፦ ፌንጣና ዘመዶቹ። አይደለም፦ ወደ 9።
9) ወገቡ ቀጭን ነው፦ ጉንዳን፣ ተርብ፣ ንብ። አይደለም፦ ወደ 10።
10) ሁለት ክንፍ ብቻ አለው፦ ዝንብ፣ ትንኝ። ሌላ ከሆነ፦ ፎቶውን ለብቻ አስቀምጡ፤ ቢራቢሮ፣ ምስጥና ክሽክሽ (የተክል ፈሳሽ የሚመጥጥ ትንሽ ነፍሳት) እዚህ ይገኛሉ።

በአባጨጓሬ ላይ ተጠንቀቁ። ስትቆጥሩት እግሩ ብዙ ይመስላል። እውነተኞቹ ከራሱ ቀጥሎ ያሉት 6 ሹል እግሮች ናቸው። ከኋላ ያሉት ሥጋማ ጉቶዎች ለመያዣ ነው፤ አይቆጠሩም። ሲያድግ የእሳት እራት ወይም ቢራቢሮ ይሆናል።

ይህን ቁልፍ ከሞከራችሁ በኋላ ለተክሎቻችሁ የራሳችሁን ሥሩ። በዓይን የሚታይ ምልክት ብቻ ተጠቀሙ። «ትልቅ ነው» አይሆንም፤ ከምን አንጻር? «ቅጠሉ ከመዳፍ ይረዝማል» ይሆናል። ቁልፉን ሥራውን ላላየ ሰው ስጡና አንድ ተክል እንዲለይ ጠይቁት። የቆመበት ጥያቄ መታረም ያለበት ጥያቄ ነው።

7. የምደባውን ደረጃ ጻፉ፤ እርግጠኛ በሆናችሁበት ቁሙ

ለአንዲት ንብ ሙሉው መሰላል ይህን ይመስላል፦ ስፍን እንስሳ፤ ክፍለ ስፍን አርትሮፖዳ፤ መደብ ነፍሳት፤ ክፍለ መደብ ሃይመኖፕቴራ፤ አስተኔ አፒዴ፤ ወገን አፒስ፤ ዝርያ አፒስ ሜሊፌራ። የትምህርት ቤታችሁ መጽሐፍ ለደረጃዎቹ ሌላ ስያሜ ከተጠቀመ የእሱን ተከተሉ።

ለሁሉም እስከ ዝርያ መውረድ አይጠበቅባችሁም። ጉንዳንን «አስተኔ ፎርሚሲዴ» ብሎ ማቆም ትክክለኛ መልስ ነው። የጉንዳን ዝርያ ለመለየት ማይክሮስኮፕና ባለሙያ ያስፈልጋል። የስልክ መተግበሪያ ፎቶ አይቶ የዝርያ ስም ቢሰጣችሁ እንደ ጥቆማ ያዙት። በተለይ ለእኛ አገር ነፍሳት የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ስም መለጠፍ ይቀናዋል።

መሰላሉ ጥቅሙ ምንድን ነው? ያላያችሁትን እንድትገምቱ ያስችላችኋል። ባቄላ፣ ማገጥና ግራር የአንድ አስተኔ አባላት መሆናቸውን ካወቃችሁ ሥራቸው ላይ እባጭ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ታገኛላችሁ። እንሰት የሙዝ አስተኔ ነው። ጤፍ፣ ሰርዶና ቀርከሃ የሣር አስተኔ ናቸው። መልክ ግን ያታልላል። ጅብ ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል። ሽኮኮ አይጥ ቢመስልም የቅርብ ዘመዱ ዝሆን ነው። ምስጥም ከጉንዳን ጋር በቅርብ አይዛመድም፤ ዘመዱ በረሮ ነው።

8. ሥራቸውን መድቡ

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓምድ እንሂድ። አምራች (ከፀሐይ ምግብ የሚሠራ)፣ ተክል በል፣ አዳኝ፣ ሁሉን በል፣ አብስባሽ። ከእያንዳንዱ ጎን ማስረጃ ጻፉ፤ «አየሁ» ወይም «አነበብኩ»። ሁለቱን መለየት ታማኝነት ነው፤ አስተማሪም ወዲያው ያየዋል።

ሥራውን ከዘመድ አትገምቱ። ጭላዳ ከዝንጀሮዎች ጋር ይዛመዳል፤ ኑሮው ግን በዋናነት ሣር መጋጥ ነው። ቀይ ቀበሮ ከውሻ ጋር አንድ ወገን ነው፤ በባሌ ተራሮች ላይ ግን ቀኑን የሚያሳልፈው ፍልፈልና አይጥ ሲያድን ነው። ግቢያችሁ ውስጥም እንደዚሁ ነው። አንዱ ጢንዚዛ ቅጠል ይበላል፣ ሌላው ክሽክሽ ያድናል፣ ሦስተኛው ፍግ ያንከባልላል።

9. የምግብ ድሩን ሣሉ

ከታች ተክሎቹንና «የሞተ ቅጠልና ፍግ» የሚል ሳጥን አስቀምጡ። ይህን ሳጥን ሰው ይረሳዋል። በጥላው ካሬ ውስጥ ግን አብዛኛው ምግብ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የመሬት ትሉ፣ ሺህ እግሩና እንጉዳዩ የሚኖሩት በእሱ ነው። ከላያቸው ተክል በሎችን፣ ከዚያ በላይ አዳኞችን፣ ጫፍ ላይ ወፉን ወይም እንሽላሊቱን።

ከዚያ ቀስት። ቀስቱ ከተበላው ወደ በላተኛው ይሄዳል። ቅጠል → ፌንጣ → እንሽላሊት → ጭልፊት። ብዙ ተማሪ ይገለብጠዋል፤ ምክንያቱም «ፌንጣ ቅጠልን በላ» ስንል ዓይናችን ከፌንጣው ወደ ቅጠሉ ይሄዳል። ቀስቱ የሚያሳየው ግን ማን ማንን እንዳጠቃ አይደለም፤ ጉልበቱ ወዴት እንደሄደ ነው። ፀሐይ ላይ የነበረው ጉልበት ቅጠል ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ፌንጣው ሆድ ውስጥ። ካልገባችሁ እያንዳንዱን ቀስት «ምግብ ሆነለት» ብላችሁ አንብቡት። «ቅጠል ለፌንጣ ምግብ ሆነለት»፤ ትክክል። «ፌንጣ ለቅጠል ምግብ ሆነለት» ካለ ግልብጥ ነው።

ያያችሁትን በደማቅ መስመር፣ ያነበባችሁትን በነጠብጣብ መስመር ሣሉ።

ከአራትና ከአምስት ደረጃ በላይ የሚዘልቅ ሰንሰለት ካገኛችሁ እንደገና መርምሩት። በአማካይ ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ጉልበት 10 በመቶ ያህል ነው። ቀሪው በእንቅስቃሴ፣ በሙቀትና ሳይፈጭ በሚወጣው ነገር ይሄዳል። ተክሎቹ 1000 አሃድ ቢይዙ ተክል በሎቹ 100፣ አዳኞቹ 10፣ የአዳኝ አዳኞቹ 1 ያህል ይደርሳቸዋል። በካሬያችሁ ብዙ ጉንዳን እያለ ጭልፊት ያላያችሁት ለዚህ ነው። ጭልፊት ለመኖር የሚያስፈልጋት ከካሬያችሁ እጅግ የሚበልጥ ሰፊ ቦታ ነው።

10. ከመብላት ውጭ ያለውን ግንኙነት ጨምሩ

እዚህ ጋ ነው ሥራው የሚጣፍጠው። በሁለት ሕያዋን መካከል ያለውን በምልክት ጻፉ፤ + ይጠቀማል፣ − ይጎዳል፣ 0 ምንም አይሆንም።

ጉንዳንና ክሽክሽ (+ +)። የባቄላ ወይም የሎሚ ለጋ ቅጠል ጀርባ ገልብጡ። ክሽክሾቹ ተደርድረው የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። ጉንዳኗ መጥታ በአንቴናዋ ጀርባቸውን መታ መታ ታደርጋለች። ከክሽክሹ ጫፍ የጠራች ጠብታ ትወጣለች፤ ጉንዳኗ ትጠጣታለች። ጣፋጭ ነው። በምላሹ ባለ ነጠብጣቡን ቀይ ጢንዚዛ ታባርርላቸዋለች። የጢንዚዛው ዕጭ ጥቁር፣ ረዘም ያለና ሸካራ ስለሆነ አባቱን አይመስልም፤ «ሌላ ተባይ ነው» ብላችሁ አትግደሉት። ክሽክሽ የሚፈጀው እሱ ነው። ለባቄላው ግን ይህ ሁሉ − ነው።

ማገጥና ባክቴሪያ (+ +)። አንድ ማገጥ ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ ንቀሉ፤ አትጎትቱት፣ በማንኪያ ቆፍሩት። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ፣ ተክሉ ስኳር ይከፍላቸዋል። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራ አቁመዋል።

ተቀጽላና ዛፍ (+ −)። ቅርንጫፍ ላይ የበቀለ ሌላ ዓይነት ቅጠል ካያችሁ እሱ ነው። አረንጓዴ ስለሆነ ምግብ ይሠራል፤ ውኃውንና ማዕድኑን ግን ከዛፉ ይጠጣል። በማሽላ ማሳ ላይ አቀንጭራ የምታደርገውም ይኸው ነው፤ ከአፈር ሥር ስለምትጠባ ገበሬው የሚያያት ማሽላው ከተጎዳ በኋላ ነው። ስለዚህ እነዚህን «አምራች» ዓምድ ውስጥ ስታስገቡ አጠገቡ «ጥገኛ» ብላችሁ ጨምሩ።

ወፍ በዛፍ ላይ ጎጆ ስትሠራ + 0። ሁለት ተክል ለአንድ ብርሃን ሲጋፉ − −። በዛፍ ግንድ ላይ የሚታየው ግራጫ አረንጓዴ ቅርፊት መሳይ ነገር ደግሞ አንድ ፍጡር አይደለም፤ ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ነው። ፈንገሱ ቤት ይሆናል፣ አልጌው ምግብ ይሠራል።

11. አንዱን ሰርዙ

ከድሩ ላይ አንዱን በእጃችሁ ሸፍኑና ማን እንደሚቸገር፣ ማን እንደሚደሰት ጻፉ። ጉንዳን ቢጠፋ ክሽክሽ ጠባቂ ያጣል፣ ቀዩ ጢንዚዛ ይጠግባል፣ ባቄላው ይተነፍሳል። የመሬት ትል ቢጠፋስ? ብዙ ቀስት የሌለው አንዳንዴ ብዙ የሚያናጋው ነው።

12. እንደነበረ መልሱ

ድንጋዩን በነበረበት ጎኑ መልሱ። ኩባያውን አውጡና ጉድጓዱን ድፈኑ፤ የተረሳ ወጥመድ ለሳምንታት ይገድላል። ችካሉንም ንቀሉ፣ ሰው ይወጋል።

የተለመዱ ስህተቶች

ሸረሪትን ነፍሳት ማለት። 8 እግር አላት፣ አንቴና የላትም፣ ሰውነቷ ሁለት ክፍል ነው። የነፍሳት ሰውነት ሦስት ክፍል ነው።

ቢራቢሮንና አባጨጓሬዋን ሁለት ዝርያ አድርጎ መቁጠር። አንድ ናቸው፤ በምግብ ድሩ ላይ ግን ሁለት ቦታ መያዝ ይችላሉ። ዕጩ ቅጠል ይበላል፣ አዋቂዋ የአበባ ማር ትመጥጣለች።

አብስባሾችን ጫፍ ላይ ብቻ ማስቀመጥ። የሚበሉት ከሁሉም ደረጃ ነው፤ ከቅጠሉም፣ ከፌንጣውም፣ ከጭልፊቷም ቀስት ይመጣላቸዋል። ከእነሱ ወደ ተክሉ የሚመለሰው ማዕድን እንጂ ጉልበት ስላልሆነ ያንን በሌላ ቀለም ሣሉ።

ሰውን መርሳት። ሣሩን የሚያጭደው፣ መድኃኒት የሚረጨው፣ ዶሮ የሚያረባው ማን ነው?

ግቢ ለሌላችሁ

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ በረንዳ ላይ ያለ የአበባ ማሰሮ ይበቃል። አፈሩ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጣውላ አስቀምጡና አፈሩን እያረጠባችሁ ሁለት ሳምንት ተዉት። ጣውላውን ስታነሡ ሥሩን ቶሎ ፎቶ አንሡ፤ ብርሃን ሲያገኛቸው ይበተናሉ። ብርድ ያለበት አገር ላላችሁ ሥራው በፀደይ ወይም በመኸር ቢሆን ይሻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ ማሰሮውን ጥላ ውስጥ አድርጉና ፍተሻችሁን ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ከጠለቀች በኋላ አድርጉት። ካሬ ስለሌላችሁ በ1 ካሬ ሜትር ምትክ የማሰሮውን አፍ ስፋት ለክታችሁ ጻፉ።